ያልነገርኳት ሦስት ረቡዕ

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ሰው ሲስቅብኝ አልቀየምም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ቃሉን ያመጣችው አለቃዬ ሲስተር ሐያት ናት። በመጨረሻው ቀን የክፍሉን ቁልፍ ስመልስላት፣ «እንግዲህ ጡረተኛ ሆነሻል። ጡረተኛ ደግሞ የሥራ ዘመኑን ይጽፋል» ብላ አንድ ወፍራም ደብተር ሰጠችኝ። እሷ እየቀለደች ነበር፣ እኔ ግን የምር ያዝኩት። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ለመጻፍ ምክንያት ስፈልግ ነው የከረምኩት።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ጌዴኡፋ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች ያሉትን ወደ አማርኛ፣ ባለሙያዎቹ ያሉትን ወደ ጌዴኡፋ እመልስ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። የተወለድኩት ቡሌ ነው፤ ለትምህርት ብዬ ዲላ አክስቴ ቤት ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁበት ያህል ነው።

አቀጣጠሬ ያስቃል። አጎቴን ለማሳከም ሄጄ ካርድ ክፍል ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከፊታችን ያሉት ሴትዮ የተጠየቁት አልገባቸውም። ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ከኋላችን ላሉት ተረጎምኩ። አጎቴ ታክሞ ሲወጣ እኔ ስድስተኛው ሰው ላይ ነበርኩ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጥላሁን፣ ስም ሲጠሩ ግቢው ሁሉ የሚደነግጥላቸው ሰው፣ በመስኮቷ አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ነገም ነይ» አሉኝ። ነገም ሄድኩ። በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ጊዜያዊ የቋንቋ ድጋፍ ሰጪ» ይላል። ክፍያው ለደብተርና ለባጃጅ ይበቃ ነበር። አክስቴ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «መሲ መንግሥት ቤት ገብታለች» ብላ ጨርሳለች። የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ።

ከአቶ ጥላሁን ጋር አራት ወር ቆየሁ። ከዚያ ክትባት ክፍል ተዛወርኩ፤ እዚያ ያሉት እናቶች ልጁ ከማልቀሱ በፊት እነሱ ስለሚያለቅሱ ሥራዬ በአብዛኛው ማጽናናት ነበር። ማጽናናት እወዳለሁ። በጣም እችልበትም ነበር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ የተዛወርኩበት ሰባት ቁጥር ክፍል የአእምሮ ጤና ክፍል ነው። ሲስተር ሐያት የምትሠራው እዚያ ነው። ቤተሰቦቿ ከስልጤ መጥተው ዲላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷም ያደገችው በጣቃ መሀል ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት፣ «እርስዎ የምትባለው እናቴ ናት፣ ከፈለግሽ ሱቅ ሄደሽ ጥሪያት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

ሲስተር የማይለወጡ ልማዶች አሏት። ታካሚ ከመግባቱ በፊት ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። ወንበሮቹን ራሷ ትደረድራለች፤ የታካሚው ወንበር ሁልጊዜ በሩ በሚታይበት በኩል ነው። ሰውየው ገና ሲቀመጥ፣ «ዛሬ እስከ አራት ሰዓት አብረን ነን» ትላለች፤ አራት ሰዓት ሲሆን ትጨርሳለች። ዝምታ ሲመጣ አትሞላውም። እኔን ዝምታ ያሳክከኝ ነበር። አንዴ አላስችል ብሎኝ ወሬ ስጀምር ጠረጴዛው ሥር እግሬን በቀስታ ረገጠችኝ።

እኔ የምቀመጠው ከታካሚው ጎን፣ ትንሽ ወደኋላ ብዬ ነው። መሀል አልገባም። ታካሚው «ከፍቶኛል» ካለ «ከፍቶታል ይላል» አልልም፣ «ከፍቶኛል» ነው የምለው። ስድብም ከመጣ ስድቡን እንዳለ አቀርባለሁ። ሲስተር እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ ጨርቅ የሚለካው ገዢው ዓይን ፊት ነው። ከጎደለ እዚያው ጎደለ ይላል። አንቺም እንደዚያ ነሽ። ማሳጠርም መጨመርም የለም።»

ይህንን በደንብ ያስተማሩኝ ግን ከዱመርሶ የሚመጡት ታካሚያችን ጋሽ በየነ ናቸው። እሳቸው ማንንም አያምኑም። ሚስታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ቡናቸውን የሚመዝነውን ሰው፣ እኛንም ጭምር። እኔና ሲስተር በአማርኛ አንድ ቃል ከተለዋወጥን፣ «ምን ተባባላችሁ?» ይላሉ።

«መስኮቱን ዝጊው ነው ያለችኝ፣ ጋሼ።»

«መስኮት ለመዝጋት ይህን ያህል ቃል?»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የሚባል ሁሉ፣ ማስነጠስም ቢሆን «ይማርሽ»ው በሁለቱም ቋንቋ ይባል ጀመር። ጋሽ በየነ በስምንተኛው ወር፣ «እናንተ እንኳን ብዙም አትዋሹም» አሉን። ሲስተር ያን ቀን ሙሉ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም።

ስለ ጋሽ በየነ ጠባይ ስጠይቃት ነው ሲስተር ስለ ስብዕና መታወክ መጀመሪያ ያስረዳችኝ። ሁላችንም ራሳችንንና ሌላውን ሰው የምንይዝበት መንገድ አለን፣ ከልጅነት ጀምሮ የሠራነው። አንዳንዱ ሰው ግን በልጅነቱ ያዳነው መንገድ ካደገ በኋላ ይጎዳዋል፤ እሱንም አጠገቡ ያለውንም። ሰው ያንን አይቶ «ክፉ ጠባይ ነው» ብሎ ይተወዋል። «ክፋት አይደለም» አለችኝ፤ «እርግማንም አይደለም። እንደ ወባ ክኒን ውጠሽ የምትድኚበትም አይደለም። መድኃኒቱ ለእንቅልፉና ለጭንቀቱ ያግዛል። ዋናው ሕክምና ግን እዚህ ወንበር ላይ ነው። ቀኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ቃሉ ያው። ቀስ ብሎ ነው የሚሻለው፤ ግን ይሻላል።»

አሁን ወደ ዘነበች ልምጣ። ስሟ ዘነበች አይደለም፤ አንድ ቀን ስለ እሷ ልጽፍ ብዬ ገና ሥራ ላይ ሳለሁ ፈቃድ ጠይቄያት ስሙን ራሷ ናት የመረጠችው። «ዝናብ የሚመጣበት ይሁን» አለች።

ዘነበች ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ቡሌ፣ ከታላቅ እህቷ ከወርቄ ጋር ትኖራለች። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ በራሷ እግር ወጥታለች። ሰው ስትወድ በአንድ ቀን ነው፤ ስትጠላም በአንድ ቀን። ጎረቤት ሰላም ሳይላት ካለፈ ሦስት ቀን እህል አትቀምስም። አንዳንዴ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣባታል። ያመጣቻት ወርቄ ናት። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ ደክሞኛል፤ ባሌም ደክሞታል። ይሄኛው ሕክምና ካልሆነ ከእኔ ጋር መኖሯ ያበቃል። ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም» አለች። ይህንን ዘነበች እየሰማች ነው የተረጎምኩት።

በየወሩ የሚመጣው የአእምሮ ሐኪም አይቷት፣ ከሲስተር ጋር ተማክረው በየረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንድትመጣ ተወሰነ። ሲስተር ፊቷን እያየች፣ «ያለብሽ ነገር ስም አለው። ስሙን ልንገርሽ ወይስ ሌላ ቀን?» አለቻት። «አሁን» አለች ዘነበች። የስብዕና መታወክ እንደሆነ ሲነገራት፣ «ስለዚህ ሌላም ሰው አለበት ማለት ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረው እፎይታ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ቡሌ መንገድ ነበሩ፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ዳገት። አንድ ረቡዕ ሲስተርን «እናቴ ነሽ» ትላታለች፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ሲስተር ሰዓቷን ስላየች «ሰልችቼሻለሁ» ብላ ትነሳለች። ሲስተር አትቆጣም፣ አታባብልም። «ሰዓቴን ሳይ ልሄድ ነው ብለሽ አሰብሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ዘነበች ትቀመጥና ያሰበችውን ትናገራለች። ሥራው ይኸው ነበር። በጥቂቱ በጥቂቱ፣ ነገር ሲከብዳት ምን እንደምታደርግ በሥዕል ካርድ ላይ አወጡ፤ መጀመሪያ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ቀጥሎ ለወርቄ መንገር፣ ካልሆነ ቡሌ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋ መሄድ። ማንበብ ስለማትችል ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። ወርቄን ስስላት አፍንጫዋን አስረዘምኩት መሰለኝ፣ ዘነበች ካርዱን ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር።

በስድስተኛው ወር አንድ ረቡዕ ፊቷ በርቶ ገባች። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም አልተጣላችም። ወርቄ «እህቴ» ብላ ጠርታታለች። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችን። ሰዓቱ ሲያልቅ ሲስተር ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«የሚነገር ነገር አለኝ። የሚቀጥሉት ሦስት ረቡዕ አልኖርም። ለስልጠና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በአራተኛው ረቡዕ ሦስት ሰዓት እዚሁ ነኝ። እስከዚያ ከከበደሽ ካርድሽ አለ፣ የቡሌዋ ሠራተኛም ታውቃለች።»

ዘነበች ወደ እኔ ዞረች፤ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ቡሌ የነበረው አያቴ ሲሞት እናቴ «ትንሽ አሞታል» ነው የተባለችው። ምሳ በላች፣ ልብስ ቀየረች፣ ሰው ከበባት፣ ከዚያ ነው የሰማችው። ፊቱ የበራ ሰው ላይ መጥፎ ነገር መጣል ነውር እንደሆነ አውቄ ነው ያደግኩት። የዘነበችን ፊት አየሁና አፌ በራሱ፣ «ሲስተር ትንሽ ሥራ አለባት፣ በቅርብ ትገናኛላችሁ። አንቺ ብቻ አይዞሽ፣ እንዲሁ ቀጥዪ» አለ።

ዘነበች ራሷን ነቀነቀች። ሲስተር፣ «ገባት?» አለችኝ። «ገብቷታል» አልኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የትምህርት ቤት ፈተና ጠዋት ስለሆነ እኔም አልነበርኩም። ዘነበች እንደወትሮዋ ከቡሌ ወርዳ ሦስት ሰዓት ላይ ሰባት ቁጥር ክፍል ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው፣ «ሲስተርማ አዲስ አበባ ሄዳለች፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አላት። ለዚህ የሚሆን ጌዴኡፋ አያጣም። ካርዷን አወጣች፣ አራት ቦታ ቀደደችው፣ በሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች።

እኔ ይህን የሰማሁት ሲስተር ከተመለሰች በኋላ ነው። በአራተኛው ረቡዕ ሦስት ሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው። ሦስት ተኩል። ጥበቃው መጥቶ የተቀደደውን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ለሲስተር ሰጣት። ከሥዕሎቹ አንዱ፣ የወርቄ አፍንጫ ያለበት፣ ወደ ላይ ሆኖ ነበር።

«ነግረናት ነበር እኮ» አለች ሲስተር።

ዓይኔን ካርዱ ላይ ተከልኩ።

«መሲ።»

«አልነገርኳትም» አልኩ። «ደስ ብሏት ስለነበር።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ ገጠመችው። ከዚያ ስልኳን ከመሳቢያ አውጥታ ለወርቄ ደወለች፤ እኔ ተረጎምኩ። ዘነበች በሕይወት አለች፣ ቤት ናት፣ ግን ከማንም ጋር አታወራም፤ ወርቄም ከጥቅምት ጀምሮ የሚያስጠጋት ሌላ ዘመድ እየፈለገችላት ነው። ሲስተር፣ «መጥተን ብናያት ትፈቅዳለች?» ስትል ወርቄ ጠይቃ ተመልሳ፣ «ይምጡ አላለችም፣ አይምጡም አላለችም» አለች።

«ማን ነው የሚነግራት?» አለችኝ ሲስተር ስልኩን ዘግታ።

«እኔ» አልኩ።

ቅዳሜ ሄድን። ቡሌ ብርድ ነበር። ዘነበች ከጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ እግሯን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ተክሉ አዙራ። መፋቂያው የሚያሰማው ድምፅ አልቆመም። ሲስተር ትንሽ ራቅ ብላ ቁጭ አለች። እኔ ዘነበች አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ሲስተር ሦስት ረቡዕ አልኖርም፣ በአራተኛው እመለሳለሁ ብላ ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ። እሷ አልዋሸችሽም።»

«የከተማ ልጅ» አለች ሳትዞር። «ምላስሽ ቅቤ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ለምን?»

«ደስ ብሎሽ ነበር። እንዳላበላሽብሽ ብዬ።»

መፋቂያው ቆመ። «ደስታዬን ጠብቂልኝ ብዬ ሰጥቼሽ ነበር?»

ሲስተር እንዳስተማረችኝ ዝምታውን ተውኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳከከኝም።

ዘነበች መፋቂያውን መልሳ አነሳችና፣ ለእኔ ይሁን ለእንሰቱ ሳይታወቅ፣ ማውራት ጀመረች። «እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነው። ገበያ ሄዳለች አሉኝ። ሁሉም፣ ወርቄም ጭምር። እኔ በገበያው ቀን መንገድ ዳር ቁጭ እላለሁ። ሰው ከገበያ ሲመለስ አያለሁ። ስንት ገበያ እንደጠበቅኩ አላውቅም። አንድ ልጅ ተጣልቶኝ ነው ‹እናትሽ ሞታለች› ያለኝ። መታሁት። ከዚያ ግን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ወደድኩት።»

ወደ ሲስተር ዞሬ ይህን መተርጎም ነበረብኝ። «እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነው» ብዬ ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ግን ምንም አላሳጠርኩም፣ ምንም አልጨመርኩም። በስድስት ወር ውስጥ ይህን ነግራን አታውቅም ነበር። ወርቄ የእንሰቱ ተክል አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እንዳታለቅሺ ብለን ነው» አለች ወርቄ። «አንቺ ትንሽ ነበርሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ዘነበች። «ሁላችሁም እንዳላለቅስ ነው።»

ስንሄድ አልሸኘችንም። ሲስተር መንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ፤ ለአባቷ ሱቅ ስለመጣ አዲስ ጨርቅ። ልንደርስ ስንል ብቻ፣ «ስህተትሽ ከባድ ነው። መጥተሽ የነገርሻት ግን አንቺው ነሽ» አለችኝ። ከእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የትኛውንም አላለሳለሰችልኝም፤ ሁለቱንም እኩል ያዝኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዘነበች መጣች። አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ፣ «የምትሄጂበት አለ?» አለች ሲስተርን።

«ከሁለት ረቡዕ በኋላ በዓል ነው፣ ዝግ ነን። ሌላ የለም። ሲኖር ከአንድ ወር በፊት እነግርሻለሁ።»

ዘነበች ወደ እኔ አየች። እንዳለ ነገርኳት። ተቀመጠች። ወርቄም ከዚያ በኋላ ሌላ ዘመድ መፈለጉን ተወችው፤ በወር አንዴ አብራት ትመጣ ጀመር። አዲስ ካርድ ስሠራ የምንዘጋባቸውን ቀኖች በከሰል ጥቁር አደረግኳቸው።

ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ። ረጅም ዓመት ነበር፤ መውደቅም ነበረው። የሚጻፈው ግን መጨረሻው ነው። ጌዴኡፋ የሚናገር የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ወንድም ብርሃኑ፣ ለጤና ጣቢያው ተመደበ። ለታካሚዎቹ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ለእኔ ደግሞ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ደርሻለሁ። ሲስተር፣ «ለዘነበች ማን ይንገራት?» አላለችኝም። አየችኝ ብቻ።

«አራት ረቡዕ ቀርቶኛል» አልኳት ለዘነበች፣ ገና ስትቀመጥ። «ከዚያ ወንድም ብርሃኑ በቋንቋሽ ያናግርሻል። ሲስተር አትሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ። አልመለስም።»

ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። «ይህችን ልጅ አታናግሪኝ በያት» አለች ሲስተርን። ለሲስተር ይህንን የመተርጎሙ ዕጣም የደረሰው ለእኔው ነው። ሁለት ረቡዕ እንደዚያ ጀርባዋን እያየሁ ተረጎምኩ። በሦስተኛው ወንበሩ ግማሽ ዞረ።

በመጨረሻው ቀን ሲስተር፣ «ዛሬ ምን ይሰማሻል?» አለቻት። ዘነበች ብዙ አሰበች። ከዚያ ተናገረች፣ እኔም ተረጎምኩ፦

«በዚች ልጅ ተናድጃለሁ። ደግሞ ትናፍቀኛለች። በፊት አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋ ነበር። ዛሬ ሁለቱም አሉ።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዘነበች ሳትሰናበተኝ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አላስችል ብሎኝ ሲስተር ጋ ሄድኩ። «መጣች?» አልኳት።

«ይህን ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። «አሁን የክፍሉ ሰው አይደለሽም።» መጀመሪያ ከፋኝ። ቤት ስደርስ ግን እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ እንደምል ገባኝ። ባለማወቄ ግን ሌሊቱን ሁሉ ተገላበጥኩ። ከእኔ በኋላ ካልመጣችስ? ወርቄስ ያኔ ምን ታደርጋለች?

ትናንት ረቡዕ ነበር። ጠዋት ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ከቡሌ የመጣው መኪና ሰው ያወርዳል። ዘነበች ወረደች። ብቻዋን ነበረች። ጫማዋን ከጭቃው ጠርጋ ቀና ስትል አየችኝ። እጄን አንስቼ ወደ እሷ ሮጥኩ።

እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ቀለል አድርጋ፣ እንደሚገፋም እንደሚያቅፍም።

«ዛሬ አታስቁሚኝ» አለች። «ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

አላስቆምኳትም።